ለጨጓራ የመጣው ተማሪና የዲኑ በር

በዚህ ገጽ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ወባና ስለ አመጋገብ ብዙ ተብሏል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን መጀመሪያ ሲሰሙት የሐኪም ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ስለ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች፣ በተለይም ስለ ተማሪዎች ዲኖችና ስለ ሥራ ሕይወታቸው ልጽፍ ነው። ምክንያቴን በአንድ ታካሚ ታሪክ ልጀምር።

በደቡብ ኦሞ ምድር በምሠራበት ምርመራ ክፍል አንድ ቀን ጠዋት አንድ አባት የ19 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ገቡ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገሮችን ቀይሬአለሁ። የመጡት በገዘር ዙሪያ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። ልጁ ከዚህ በጣም ርቆ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ ለሴሚስተር ዕረፍት ቤተሰቡ ዘንድ መጥቷል። «ጨጓራው ነው፣ ዶክተር» አሉኝ አባትየው። «ከሄደ ወዲህ እህል አልስማማው ብሏል። ከስቷል፤ ሌሊትም አይተኛም።» ልጁ አንዲት ፌስታል ይዟል። ውስጧ ሦስት ዓይነት የጨጓራ መድኃኒት አለ፤ ሦስቱም ከተለያየ ፋርማሲ የተገዙ፣ ሦስቱም ግማሽ ድረስ ተወስደው የቀሩ።

መረመርኩት። የደም፣ የሰገራና የወባ ምርመራ አዘዝኩ። ለጨጓራ ቁስለት ምክንያት የሚሆነው ባክቴሪያም አልተገኘበትም። ክብደቱ ግን ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም። አባቱ ትንሽ ውጭ እንዲጠብቁን በትሕትና ጠየቅኩና ልጁን «በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትበላው?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ መሬት መሬት እያየ «አንዴ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚል ካርዱ ጠፋበት። ምትክ ለማውጣት የሄደበት ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ላከው። ሁለተኛው ቢሮ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና» አለው። በነጋታው ሲመለስ ኃላፊው ተቀይረዋል፤ አዲሱ ደግሞ ገና ሥራውን አልተረከቡም። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወው። አምስት ሳምንት ሙሉ የዶርም ጓደኞቹ ከካፌ ደብቀው በሚያወጡለት ዳቦ ኖረ። «ለምን ለአባትህ አልነገርክም?» ብለው፣ «ቡናና ኮረሪማ ሸጠው ነው የላኩኝ። ተርቤያለሁ ብዬ እንዴት ልንገራቸው?» አለኝ።

የዚህ ልጅ መድኃኒት በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አልነበረም። አንድ ፊርማና አንድ ማኅተም የሚፈልግ፣ በአንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ወረቀት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ወጣቶች ጤና ሳስብ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ልከራከርለት የምፈልገው ነጥብም ከዚህ የመነጨ ነው፦ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪን የመንከባከብ ኃላፊነት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ሊታይ፣ ሰው ሊሠለጥንበትና ሊያድግበት ይገባል። አንድ ሰው ሁለት ዓመት ተቀምጦበት የሚያልፍ ተደራቢ ሥራ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ፣ ዋጋውን የሚከፍለው የተማሪው አካልና አእምሮ ነው።

ከገዘር እስከ ግቢው በር

ገዘር የደቡብ አሪ ወረዳ መቀመጫ ናት። ደቡብ አሪና ሰሜን አሪ ሳይለያዩ በፊት ወረዳው ባኮ ገዘር ተብሎ በስሟ ይጠራ እንደነበር ትልልቅ ሰዎች ያስታውሳሉ። አገሩ የእንሰት፣ የቡናና የኮረሪማ አገር ነው። ከጂንካ ወዲያ ደግሞ የበና፣ የሐመር፣ የጸማይ፣ የማሌ፣ የዳሰነች፣ የኛንጋቶም፣ የሙርሲና የሌሎችም ሕዝቦች ምድር ይዘረጋል።

ለረጅም ዘመን ከዚህ አካባቢ ለወጣ ልጅ ቅርብ የሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ተቋም አርባ ምንጭ ነበር። እሱም በ1979 ዓ.ም የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተጀምሮ በ1996 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ፣ «አራተኛው ትውልድ» ከሚባሉት ተቋማት አንዱ ሆኖ በ2010 ዓ.ም ማስተማር ሲጀምር፣ ለአካባቢው ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው። ልጁን ወደ ሩቅ አገር ሸኝቶ የሚያውቅ ወላጅ የነገሩን ክብደት ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ የተማሪዎች ምደባ አገር አቀፍ ነው። የገዘር ልጅ ጎንደር ወይም ሐረር ሊደርሰው ይችላል፤ የደብረ ብርሃን ልጅም ጂንካ ይመደባል። የመጀመሪያው ቋንቋውን ጥሎ፣ የማያውቀው ምግብ ይቀርብለትና ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ያድራል። ሁለተኛው ከብርድ አገር ወርዶ ወባ ያለበት ቆላ ይገባል። ሁለቱም ዕድሜያቸው 18 እና 19 ነው። ሁለቱም ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

እዚያ ለመድረስ ያለፉትን ፈተናም አንርሳ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ቁጥር ሁላችንንም አስደንግጧል። በ2014 ዓ.ም 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። ሌሎች ተማሪዎች በአቅም ማሻሻያ፣ ሪሚዲያል በምንለው መርሐ ግብር በኩል ሌላ ዕድል አግኝተዋል። ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች በመግቢያ ነጥብ ላይ ልዩ ድጋፍ ሲደረግም ቆይቷል። ይህ ሁሉ በሩን ለመክፈት የተደረገ ጥረት ነው። ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ባለፈበት በር የገባ ልጅ በሚል ካርድ ምክንያት ተመልሶ ሲወጣ ግን፣ የጠፋው የአንድ ቤተሰብ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ቀበሌው ሊያገኘው የነበረው መምህር፣ ነርስ ወይም መሐንዲስ አብሮ ይጠፋል።

ጭንቀት በሆድ በኩል ሲናገር

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በአገራችን ወጣት ተማሪ «ጭንቀት ይዞኛል» ብሎ ሐኪም ዘንድ አይመጣም። የሚመጣው «ጨጓራዬ»፣ «ራሴን»፣ «ልቤ ይመታል» ብሎ ነው። እየዋሸ አይደለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። አንጎልና ሆድ በነርቭና በሆርሞን የተሳሰሩ ናቸው። ሰው ለረጅም ጊዜ ሲጨነቅ የጨጓራና የአንጀት እንቅስቃሴው ይዛባል፣ ሕመም የመሰማት ስሜቱም ይጨምራል። በላዩ ላይ ምግብ ሲዘለል፣ እንቅልፍ ሲጓደል፣ ለማጥናት ተብሎ ጫት ሲቃም፣ ለራስ ምታት ተብሎ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ በባዶ ሆድ ሲወሰድ፣ ጨጓራ ቢቃጠል አይገርምም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሹ የሚጀምሩት እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ድረስ ነው፤ አብዛኞቹ ሳይታወቁና ሳይታከሙ ይቆያሉ። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ራስን ማጥፋት በዓለም ላይ ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ልጅ በትክክል በዚህ ዕድሜ ውስጥ ያለ ነው። ስለዚህ ግቢው ወደደም ጠላም የጤና ተቋም ሥራ ይሠራል። ጥያቄው ሥራውን አውቆ በደንብ መሥራቱ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2015 በካናዳ ኬሎና ከተማ የወጣው የኦካናጋን ቻርተር ዩኒቨርሲቲዎች ጤናን ለክሊኒካቸው ብቻ እንዳይተዉት፣ በአስተዳደራቸውና በዕለት ተዕለት አሠራራቸው ሁሉ እንዲያስገቡት ይጠይቃል። በቀላል አማርኛ፦ የካፌው ሰልፍ ርዝመት፣ የዶርሙ መብራትና ውኃ፣ የሬጅስትራሩ መስኮት፣ የዲኑ ቢሮ ሰዓት፣ ሁሉም የጤና ጉዳዮች ናቸው።

ዲኑ ከየት ይመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?

የተማሪዎች ዲን ማን ነው? ምግቡ፣ ዶርሙ፣ ክሊኒኩ፣ የምክር አገልግሎቱ፣ ክበባቱ፣ ፕሮክተሮቹ፣ ብዙ ጊዜም የሥነ ሥርዓት ጉዳዩ ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ በእሱ ወይም በእሷ ቢሮ በኩል ያልፋል። በሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች ከወላጅ ቀጥሎ ያለ ሰው ነው።

እኔ እስካየሁት ድረስ ወደዚህ ወንበር የሚመጣው ብዙ ጊዜ አንድ ወጣት መምህር ነው። ሒሳብ፣ እጽዋት ሳይንስ ወይም ሕግ ሲያስተምር ቆይቶ «ይህን ደግሞ ያዝልን» ይባላል። ስለ ምክር አገልግሎት፣ ስለ ወጣቶች አእምሮ ጤና፣ ስለ ቀውስ ጊዜ አመራር ሥልጠና አልወሰደም። ሥራውን በስህተት እየተማረ ሁለት ዓመት ይቆያል። ልክ ሲለምደው ለፒኤችዲ ይሄዳል ወይም ሌላ ኃላፊነት ይሰጠዋል። አዲስ ሰው ይመጣና ከዜሮ ይጀምራል። የእኔ ታካሚ ሚል ካርድ የጠፋው በእንዲህ ዓይነቱ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሰውየውን መውቀስ አልፈልግም። መንገዱ የተሠራው እንደዚያ ነው። በዩኒቨርሲቲ የደረጃ ዕድገት በዋናነት የሚመዘነው በማስተማርና በታተመ ጥናት ነው። ሌሊት በስድስት ሰዓት የታመመች ተማሪ ሆስፒታል ያደረሰ ዲን ለዚያ ነጥብ አያገኝም።

ይህን የምለው ካየሁት ነው። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ በግቢያችን አንድ የተማሪዎች ዲን ነበሩ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ከፕሮክተሮች ጋር በየሕንፃው ይዞራሉ። ቁጥጥር አይመስልም ነበር። በር ላይ ቆመው «ቤት የደወላችሁት መቼ ነው?» ይሉናል። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ከባድ ፈተና ወድቄ ሻንጣዬን በማሰርበት ሳምንት አገኙኝ። ምክር አላበዙም። «ዛሬ አትወስን፣ ሰኞ ቢሮ ና» አሉኝ። ሰኞ ስሄድ መምህሩን አስቀድመው አነጋግረው፣ ድጋሚ ፈተና የምወስድበትን ደንብ አውጥተው ጠበቁኝ። ዛሬ ሐኪም የሆንኩት በዚያ ሰኞ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እኚህ ሰው በዚያ ወንበር ስምንት ዓመት ቆዩ። እኛ ተመርቀን ስንወጣ አብረዋቸው የተቀጠሩት ረዳትና ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነዋል፤ እሳቸው ግን ያው ሌክቸረር ነበሩ።

የሥራ ሕይወት ሲቆም ምን ያፈራል?

አገራችን ለተማሪ ዕድልና ለተማሪ ሕይወት ዘመናቸውን የሰጡ የከፍተኛ ትምህርት መሪዎች አጥታ አታውቅም። ዶክተር አክሊሉ ሀብቴን እንውሰድ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ ከ1969 እስከ 1974 ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ከዚያም በዓለም ባንክና በዩኒሴፍ በትምህርት ጉዳይ ሠርተዋል። ከዲንነት እስከ ዓለም አቀፍ ኃላፊነት ድረስ ዋናው ሥራቸው በትምህርት መስመር ነበር። በእሳቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። መምህር የማያገኙ የገጠር ልጆች መምህር አገኙ፤ የከተማው ተማሪም አገሩን አየ።

በእኛው አካባቢም ምሳሌ አለ። ጂንካ ዩኒቨርሲቲን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፕሬዚዳንትነት የመሩት ፕሮፌሰር ገብሬ ይንቲሶ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ከመታሰቡ ብዙ ዓመት በፊት ስለ አሪ ሕዝብ የአመራረት ዘዴ ጥናት ሠርተዋል። ቤተሰቡ በእንሰትና በቡና እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ መሪ፣ ከዚያ ቤት የሚመጣው ተማሪ በየትኛው ወር ገንዘብ እንደሚያልቅበት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ተማሪን ማወቅ ማለት መነሻውን ማወቅ ነው። ይህ እውቀት ደግሞ በሁለት ዓመት አይገኝም።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። በአሜሪካ የተማሪዎች ዲኖች እ.ኤ.አ ከ1919 ጀምሮ የሙያ ማኅበር አላቸው፤ በተማሪዎች ጉዳይ አመራር የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርት ይሰጣል። አንድ ሰው ከዶርም አስተባባሪነት ተነሥቶ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት በዚያው መስመር ማደግ ይችላል። የእነሱን ሁሉ እንቅዳ አልልም፤ አቅማችንም ኑሯችንም ይለያል። መሠረታዊው ሐሳብ ግን ለእኛም ይሠራል። ነርስ ለመሆን ሥልጠና የሚጠየቅ ከሆነ፣ የአሥር ሺህ ወጣቶችን ኑሮ ለመምራትም ሊጠየቅ ይገባል።

«ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት አይደለም»

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ሳነሣ ሁለት መልስ አገኛለሁ። አንደኛው «ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት አይደለም፤ ልጆቹ አድገዋል፣ ራሳቸውን ይቻሉ» የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ወጣት ችግሩን ራሱ ተጋፍጦ መፍታት ካልለመደ አይጠነክርም። ነገር ግን ራስን መቻል የሚለመደው የሚሠራ ሥርዓት ሲኖር ነው። የእኔ ታካሚ ሦስት ጊዜ ቢሮ ሄዷል። ከአዋቂ የሚጠበቀውን አድርጓል። የጎደለው የቢሮው ድርሻ ነው።

ሁለተኛው «በጀት የለም» የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። ምግብ ተወድዷል፣ የዶርም አልጋ ጠቧል። ሆኖም ከማየው ችግር ብዙው ገንዘብ አይፈልግም። የጠፋ ካርድ በአንድ ቀን መተካት፣ ኃላፊ ሲቀየር ያልተፈቱ ጉዳዮችን በዝርዝር ማስረከብ፣ በዶርሙ ግድግዳ ላይ የተረኛውን ስልክ መለጠፍ ብዙ ብር አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው። ልጁ ታሞ፣ ዓመቱ ተበላሽቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ሆስፒታል ሲመላለስ የሚወጣው ወጪ ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛ ነጥብ ራሴ ልጨምር፤ ሲነሣ ብዙም አልሰማሁትም። በብዙ ግቢዎች ተማሪው የዲኑን ቢሮ የሚያውቀው በቅጣት ነው። ያው ቢሮ ዲሲፕሊን ይከሳል፣ ያው ቢሮ ችግርህን ንገረኝ ይላል። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሕመሙን የሚናገር የለም። የሚቀጣውና የሚንከባከበው እጅ እስካልተለየ ድረስ፣ በሩ ቢከፈትም የሚገባበት አይኖርም።

ምን ይደረግ?

እንደ አንድ ጠቅላላ ሐኪም አምስት ነገር እጠቁማለሁ። አንደኛ፣ የተማሪዎች ዲን በግልጽ መስፈርት ይመረጥ፤ ከመጀመሩ በፊት በምክር አገልግሎት፣ በአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታና በቀውስ ጊዜ አመራር ይሠልጥን፤ ቢያንስ አንድ የተማሪ ትውልድ ገብቶ እስኪመረቅ፣ አራት አምስት ዓመት ይቆይ። ሁለተኛ፣ በዚህ ሥራ የተገኘ ውጤት በደረጃ ዕድገት ይቆጠርለት። የ2011 ዓ.ም የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ወጥቷል፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ ለዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት መንገድ ተከፍቷል። ተቋማት የውስጥ ደንባቸውን ሲያሻሽሉ ይህን ማስገባት ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ዲሲፕሊንና ድጋፍ በተለያየ ቢሮ፣ በተለያየ ሰው ይመሩ። አራተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ልዩ ትኩረት ይሰጣቸው። ፍሬሽ ተማሪ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በዚያ ወቅት ነው። ፕሮክተሮች የማይበላ፣ የማይተኛ፣ ክፍል የቀረ ተማሪን እንዲለዩ ይሠልጥኑ፤ በየግቢው ተማሪው አፉን የፈታበትን ቋንቋ የሚናገር የበላይ ተማሪ ይመደብለት። በቋንቋህ «አሞኛል» ማለት ግማሽ ሕክምና ነው። አምስተኛ፣ በየዓመቱ ስንት ገብተው ስንት እንዳቋረጡ፣ ለምን እንዳቋረጡም ተመዝግቦ ለሕዝብ ይነገር። እኛ ሐኪሞች የሞተብንን ሰው ምክንያት እንጽፋለን። ዩኒቨርሲቲም የሄደበትን ተማሪ ምክንያት ይጻፍ።

ለወላጆችና ለተማሪዎች

የኃላፊዎቹን ድርሻ ካልን የእኛንም እንበል። ወላጆች፣ ልጃችሁ ጋር ስትደውሉ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ። መልሱ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ነው። «ዛሬ ምሳ ምን በላህ? ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? ዶርምሽ ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትግባቢው?» ብላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ ባትልኩ እንኳ ችግሩን ብትሰሙ እንደማትቆጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ልጅ የሚደብቀው ግን ብዙ ጊዜ እኛን ላለማሳዘን ነው።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቀጠለ ኀዘን ወይም ይወዱት የነበረውን ነገር መጥላት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከጓደኛ መሸሽ፣ «እኔ ምንም አልረባም» ማለት፣ በመጠጥና በጫት መጠመድ የድባቴ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ድባቴ ይታከማል፤ በምክክርም፣ ሲያስፈልግ በመድኃኒትም። አንድ ሰው ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ በቀጥታ «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ይልቁንም ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፤ አቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት።

ተማሪዎች፣ የጨጓራ መድኃኒት በራሳችሁ እየገዛችሁ ከማቋረጥና ከመጀመር ተቆጠቡ። ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ሲውጡ መታነቅ ካለ ጊዜ ሳትሰጡ ታከሙ። ከደጋ ወደ ቆላ የተመደባችሁ በአጎበር ተኙ፤ ትኩሳት ከጀመራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ አድርጉ። ከቆላ ለዕረፍት ደጋ ገብታችሁ ቢታመማችሁም ከየት እንደመጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ ያጣ አንጎል ያነበበውን እንደማይዝ አስታውሱ፤ ሰባት ሰዓት ገደማ ተኙ። ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ ጥያቄአችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀኑን መዝግቡ፣ ብቻችሁን አትሂዱ።

ያንን ልጅ እንዴት እንዳሰናበትኩት ልንገራችሁ። ፈቃዱን ጠይቄ አባቱን አስገባሁና አብረን ነገርናቸው። አባትየው ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም፤ በኋላ የልጃቸውን እጅ ያዙ። ሁለቱን መድኃኒት አስቆምኩ። ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድ የሕክምና ወረቀትም ጻፍኩ። የበሽታው ስም በሚሞላበት መስመር ላይ «በቂ ምግብ ባለማግኘት የመጣ» ብዬ ሞላሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። ወረቀቱን መጀመሪያ ያየው የዶርሙ ፕሮክተር ነው። አንብቦ እንደጨረሰ ልጁን ይዞት ሄደ፤ ከቢሮ ቢሮ አብሮት ዞሮ በአምስት ሳምንት ያልተገኘው ካርድ በግማሽ ቀን ተሠራ። «ጨጓራህስ?» አልኩት። «ረስቼው ነበር» አለኝ።

ያ ፕሮክተር በዚያ ሥራ እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም። እንደ እሱ ያለ ሰው ሠልጥኖ፣ አድጎ፣ ነገ ራሱ የተማሪዎች ዲን ሆኖ የሚቀመጥበት መንገድ ግን ሊኖረው ይገባል።